ያለ ቀኑ የተወለደን ሕፃን አጥንት ያለ መርፌ እንዴት መመርመር ይቻላል?

ጽንሱ ለአጥንቱ ከሚያስፈልገው ካልሲየምና ፎስፈረስ 80 በመቶ ያህሉን ከእናቱ የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት ወይም ከ1,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ይህ ያመልጠዋል። አጥንቱ የሚሳሳው ግን ወዲያው አይደለም፤ በአብዛኛው ከተወለደ በኋላ ከ4ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሕፃኑ ከብርዱ የተነሣ ተጠቅልሎ ስለሚውል «ፀሐይ አጥቶ ነው» ይባላል። ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ዕድሜ ግን ዋናው ጉድለት ማዕድኖቹ ራሳቸው ስለሆኑ ፀሐይ አትተካቸውም።

መጀመሪያ ሜትር ይያዙ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ቁመቱንና የጭንቅላቱን ዙሪያ ይለኩ። ለቁመት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ የሕፃኑን ጭንቅላት ከመለኪያው ሰሌዳ ጫፍ ጋር ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን በቀስታ ዘርግቶ ከእግሩ ሥር ያነባል። በሳምንት 1 ሴንቲሜትር ገደማ መጨመር ይጠበቃል። ክብደቱ እየጨመረ ቁመቱ ከቆመ ሐኪም ይወቀው። የለኪው ሰው መለዋወጥ ብቻውን ልዩነት ስለሚያመጣ የሚለካው ሁልጊዜ አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥሎ ሽንት። ንጹሕ ጥጥ ብልቱ ላይ ያስቀምጡ፣ ከረጠበ በኋላ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውስጥ ከትተው ይጭመቁት። ጥጡ ዳይፐሩን ከነካ ዳይፐሩ ሽንቱን ይመጥጠዋል፤ ሰገራ ከነካው ናሙናው ይጣላል። ሲቀዘቅዝ ጨዎቹ ሊረጉ ስለሚችሉ ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ይድረስ። ካልሲየሙ ከ1.2፣ ፎስፈረሱ ከ0.4 ሚሊሞል በሊትር በላይ ከሆኑ ሕፃኑ ከሚፈልገው ተርፎታል ማለት ነው። ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ፎስፈረሱ ከጠፋ ፎስፈረስ አንሶታል። ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) ወይም ካፌይን (ትንፋሹ እንዳይቆም የሚሰጥ) የሚወስድ ሕፃን ሽንት ግን ያሳስታል፤ ሁለቱም ካልሲየምን ያስወጣሉ።

ከሁሉ የሚመረጠው፣ መሣሪያው ባለበት፣ በቅልጥም ላይ የድምፅን ፍጥነት የሚለካው አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ ሕፃኑም ከማሞቂያው አይወጣም። የእርግዝናው አልትራሳውንድ ለዚህ አይሆንም፤ ይኼኛው የሚያወጣው ምስል ሳይሆን በሜትር በሴኮንድ የሚነበብ ቁጥር ነው። ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያለውን ለክተው መሐሉን ምልክት ያድርጉበት። ጄሉን ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጄል ሕፃኑን ያስደነግጠዋል፣ ሙቀቱንም ይወስድበታል። መመርመሪያውን በአጥንቱ ርዝመት አቅጣጫ ጠፍጣፋ አድርገው ሳይጫኑ ያሳርፉ፣ በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ንባቦቹ ከተራራቁ መመርመሪያው ዘንብሏል ወይም እግሩ አብጧል፤ እብጠት ካለ ሌላ ቀን ይሻላል። የአንድ ቀን ቁጥር ብዙም አይናገርም። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው እግርና በዚያው መሣሪያ ለክተው አካሄዱን ይከታተሉ። ከተወለደ በኋላ ትንሽ መውረድ የተለመደ ነው፤ ሳያቋርጥ ሲወርድ ግን የደም ምርመራ የግድ ነው።

ራጅ መርፌ ባይኖረውም ለቅድሚያ አይሆንም፤ አጥንቱ ከማዕድኑ ከ20 እስከ 40 በመቶ እስኪያጣ ድረስ ደህና ይመስላል። ስብራት ሲጠረጠር ግን አይቀርም።

ውጤቱ ሲያሳስብ የካልሲየም ጠብታ በራስ አይጀመር፤ የፎስፈረሱና የካልሲየሙ ሚዛን ከተዛባ ይብስበታል። የእናት ጡት መቀጠል አለበት፣ በወተቱ ላይ የሚጨመረውን የማዕድን ማጠናከሪያ መጠን ሐኪሙ ይወስን። ቅቤ ቀብቶ ማሸትና እጅና እግር መሳብ ለዚህ ሕፃን አይሆንም። ዳይፐር ሲቀየር ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደ ላይ ማንሣትም እንዲሁ፤ በጎኑ ይገልብጡት። አንድ እጁን ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ ከተወ፣ ካበጠ ወይም ሲነካ ካለቀሰ፣ ከመሐል ሜዳም ይሁን ከአጣዬ የሚመጣ፣ የታመመውን በኩል በለስላሳ ጨርቅ ደግፈው እንዳይንቀሳቀስ አድርገው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።