ጨጓራ ለማስቀነስ ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ክብደት ለመቀነስ ብሎ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ለማስቀነስ ያሰበ የድሬዳዋ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ የትኛው አገር እንደሚሻል። «ተመልሼ ስመጣ ማን ይከታተለኛል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከተሠራ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

በመስታወት መወሰን። ሐኪም የሚነሳው ከቦርጭ ሳይሆን ከቢኤምአይ ነው፤ ኪሎ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሴት 95 ኪሎ ገደማ ስትመዝን 35 ይሆናል፤ 109 ስትደርስ 40። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው መለኪያ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም 35 ሆኖ ስኳርን የመሰለ ተጓዳኝ በሽታ ሲኖር የሚል ነበር። በ2022 የወጣው መመሪያ ወደ 35 አወረደው፤ ዓይነት 2 ስኳር ላለበት 30ም ይታሰባል። ለሠርግ 8 ኪሎ መቀነስ የፈለገ ሰው እዚህ ውስጥ የለም።

የዘመድን ምርጫ መከተል። «እህቴ ስሊቭ ተሠርታ ተስማማት» ማስረጃ አይሆንም። በስሊቭ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ አይመለስም፤ ቃር ያለበትን ሰው ሊያብስበትም ይችላል። ባይፓስ ጨጓራውን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር በአቋራጭ ያገናኛል። ለከባድ ቃር ይሻላል፤ የብረትና የቫይታሚን እጥረት ግን ይበልጥ ያሰጋል።

በርጫውን መደበቅ። ሐኪሙ «ሱስ አለብህ?» ሲል ሰው ሲጋራና መጠጥ የተጠየቀ ይመስለውና «ኧረ የለብኝም!» ይላል፤ ጫት እኛ ጋ ከሱስ ስለማይቆጠር። ውጭ አገር ያለ ሐኪም ደግሞ ጫት መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ከምሳ በኋላ የምንቀመጥበትን አስቡት፤ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ኦቾሎኒ፣ ኮካ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ በፔርሙዝ። በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ያንን ሻይ ሲጠጣ ስኳሩ ቶሎ ወደ አንጀት ይወርድና ላብ፣ የልብ ትርታና ተቅማጥ ያስከትላል። ጫቱ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋም ያቺ ትንሽ የተፈቀደች ምግብ ሳትበላ ትመሻለች።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የተሰፋው ቦታ ማፍሰስ ከጀመረ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ የልብ ምት መፍጠን ነው፤ ጫትም ልብ ያፈጥናል። ቶሎ ወደ በርጫው የተመለሰ ሰው ልቡ ሲደልቅ «ምርቃና ነው አቦ» ብሎ ጋደም ሊል ይችላል፤ ያ ሰዓት ደግሞ ሆስፒታል የሚኬድበት ነው። ጨብሲውም ቀላል አይደለም፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጠጥ ቶሎና በርትቶ ይይዛል። እንግዲህ ለሐኪሙ በቀን ምን ያህል እንደሚቃም በግልጽ መናገር ነው። ሲጋራም ከሳምንታት አስቀድሞ ይቆማል።

ሙቀቱን መርሳት። ጨጓራው ከተቀነሰ በኋላ ግማሽ ሊትር ውሃ ግጥም አድርጎ መጠጣት የለም። ትንሽ ትንሽ እየተጎነጩ፣ ከምግብ ጋር ሳይቀላቅሉ፣ በቀን 1 ሊትር ተኩል ለመድረስ ይሞከራል። በድሬ ሙቀት ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቀኑን መምረጥ የሚችል ሰው የሙቀቱን ወራት ይለፋቸው፤ ሐረር ዘመድ ያለው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እዚያ ቢያሳልፍ አልጠላም።

ጾሙን በኋላ ማሰብ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። እንቁላልና ወተት በሌለበት ጾም፣ ጥቂት ማንኪያ ሽሮና ምስር ብቻ በሚይዝ ጨጓራ፣ እዚያ መድረስ ከባድ ነው፤ ቢ12ም ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኝ ስለሆነ ይጎድላል። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያልተጠጣውን ውሃ ከመግሪብ በኋላ በአንድ ጊዜ ማካካስ አይቻልም። ሐኪሙንም፣ የነፍስ አባትን ወይም ሼኩንም ቀድሞ ማማከር ይሻላል።

ቫይታሚኑን እንደ ኮርስ መድኃኒት ማየት። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12፦ ዕድሜ ልክ ናቸው። ወርሃዊ ወጪያቸውን ከዚራ ወይም ሳቢያን ፋርማሲ ገብቶ መጠየቅ ከውሳኔው በፊት ነው።

እርግዝናን አለማንሳት። ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል። ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ አስተማማኝ ላይሆን ስለሚችል ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ክብደት ሲቀንስ የመፀነስ ዕድሉ እንደሚጨምርም አይዘንጋ።

ያለ ወረቀት መመለስ። ሌሊት ትኩሳትና የሆድ ሕመም ቢነሳ የሚኬደው ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ያለው ሕይወት ፋና ነው፤ ተረኛው ሐኪም ውስጥዎ ምን እንደተሠራ በግምት ሊያውቅ አይችልም። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ቀኑ፣ የተሰጡት መድኃኒቶችና የማይወሰዱት (በተለይ ከባይፓስ በኋላ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቁስለት ያመጣሉ) በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይሰጥዎ። ቱርክ የሚሄድ ሰው ይህን ከመውጣቱ በፊት ይጠይቅ፤ በቱርክኛ የተጻፈ ወረቀት እዚህ የሚያነብልዎ አይገኝም።