የባሕር ወለል ደለልን ከሴይስሚክ ምስል ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ወለል በታች ያለ ደለል ከላይ በሚጨመርበት ክብደት ብቻ የሚጠቀጠቅ ጭቃ አይደለም። እየተቀበረና እየሞቀ ሲሄድ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ይሟሟሉ፣ ሌላ ማዕድን ሆነው ይረጋሉ፣ የያዙትን ውኃ ይለቅቃሉ። መርከብ ድምፅ ልካ የምትቀበለው፣ የሴይስሚክ ምስል የሚሣልበት ማሚቶ ግን የማዕድን ስም ይዞ አይመለስም። የሚነግረን የሞገዱ ፍጥነትና የደለሉ እፍግታ የሆነ ቦታ ላይ መለወጣቸውን ብቻ ነው። ለውጡን ያመጣው የትኛው ማዕድን እንደሆነ የሚወስነው ምስሉን የሚያነበው ሰው ነው። ስህተቱም የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

የወለሉን ቅርጽ የሚከተለውን መስመር ሁሉ ጋዝ ነው ማለት

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። በብዙ የባሕር ጠርዞች ምስል ላይ የደለሉን ንብርብሮች እያቋረጠ ከወለሉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ጎላ ያለ መስመር ይታያል። በሙያው ቢኤስአር (BSR፣ የወለሉን ቅርጽ የሚከተል አንጸባራቂ) ይባላል። ንብርብሮቹን ማቋረጡ አንድ ትልቅ ነገር ይነግረናል፤ መስመሩ ደለሉ ሲከማች አብሮ የተፈጠረ ሳይሆን በኋላ በሙቀት ወይም በግፊት የመጣ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ አልፎ ወዲያውኑ ‘የጋዝ ሃይድሬት ነው’ ይላል።

በእርግጥ ሃይድሬት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሃይድሬት ሚቴንን በውኃ ቅንጣቶች መካከል የያዘ በረዶ መሰል ጠጣር ነው። ከታች ሙቀቱ ሲበረታበት መጽናት ስለማይችል ከሥሩ ነጻ ጋዝ ይጠራቀማል፤ ጋዙም የሞገዱን ፍጥነት ይቀንሳል። ከአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ወዲያ በሚገኘው ብሌክ ሪጅ በ1995 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተደረገው ቁፋሮ ይህን አሳይቷል፤ መስመሩ ከወለሉ 450 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

በቤሪንግ ባሕርና በጃፓን ባሕር ግን ተመሳሳይ መስመር ሲቆፈር የተገኘው ሌላ ነው። እዚያ ደለሉ በአብዛኛው የዲያቶም፣ በውኃ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች፣ ቅሪት ነው። ዲያቶሞች ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ኦፓል-ኤ ከሚባል ውኃ አዘል ሲሊካ ነው። በእጁ ይዞ ማየት የሚፈልግ በዝዋይና በሻላ ሐይቆች አካባቢ የሚገኘውን ነጭና ቀላል ዲያቶማይት ያንሳ። የሐይቅ እንጂ የባሕር አይደለም፤ ማዕድኑ ግን ያው ነው። ኦፓል-ኤ ሲሞቅ ይሟሟና ኦፓል-ሲቲ የሚባል ሌላ የሲሊካ ዓይነት ሆኖ ይረጋል፤ ደለሉም በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጠነክራል። በጃፓን ባሕር በ1989 በተደረገው ቁፋሮ ይህ ለውጥ የተገኘው ከወለሉ 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋበት ቦታ ነው።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም፤ የሚጎድለው ጥንቃቄ ነው። መጀመሪያ ፖላሪቲውን፣ ማለትም የማሚቶው ሞገድ መጀመሪያ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደሚሄድ፣ ከባሕሩ ወለል ጋር ማነጻጸር። የሃይድሬቱ መስመር ከወለሉ ተቃራኒ ነው፤ ከሥሩ ፍጥነት ይቀንሳልና። የኦፓሉ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ከሥሩ ያለው ደለል የጠነከረ ነውና። ከዚያ ሙቀቱን ማስላት። በጃፓን ባሕር የውኃ ጥልቀት ሃይድሬት የሚጸናበት ሙቀት ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ መስመሩ 40 ዲግሪ ላይ ከወደቀ ሃይድሬት ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው የውኃው ጥልቀት ነው። ሃይድሬት ግፊት ስለሚወድ የሙቀቱ ሁኔታ አንድ ዓይነት ከሆነ ውኃው በጠለቀ ቁጥር መስመሩም ከወለሉ ይርቃል። ኦፓል ግን በዋናነት የሚሰማው ሙቀትንና ጊዜን ነው።

በአንዳንድ ጠርዞች ሁለቱም መስመሮች አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ አንዱን ማግኘት ሌላው የለም ማለት አይደለም። በተቃራኒውም መስመሩ ስለጠፋ ሃይድሬት የለም ማለት አይቻልም፤ በዚያው በብሌክ ሪጅ ጎላ ያለ መስመር በማይታይበት ጉድጓድ ሃይድሬት ተገኝቷል። በወለሉና በውኃው ገጽ መካከል ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የሚመጣውን የወለሉን ድግግሞሽ ማሚቶ ቢኤስአር የሚሉም አሉ። ድግግሞሹ ወለሉ ከሚገኝበት ጊዜ እጥፍ ላይ ስለሚውል ተዳፋቱም እጥፍ ይሆናል፤ በማስመሪያ ይታወቃል።

ማሚቶውን የማዕድኑ እፍግታ ያመጣዋል ብሎ ማሰብ

‘ኦፓል-ሲቲ ከኦፓል-ኤ ይከብዳል፣ ስለዚህ መስመሩ ይጎላል’ የሚል ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ይነበባል። በቁጥር እንፈትነው። ከመጠኑ 75 በመቶው ውኃ የሞላበት ቀዳዳ የሆነ የዲያቶም ደለል እንውሰድ። የጠጣሩ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.1 ግራም፣ የባሕሩ ውኃ 1.03 ቢሆን የደለሉ እፍግታ 1.30 ገደማ ይሆናል። ቀዳዳው ሳይነካ ማዕድኑ ብቻ ወደ 2.2 ቢከብድ ደለሉ 1.32 ይደርሳል። ይህ የሚመልሰው ማሚቶ ከመጣው ሞገድ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በምስል ላይ አይታይም ማለት ይቻላል።

አሁን ቀዳዳው ከ75 ወደ 60 በመቶ ይውረድ። እፍግታው 1.50 ይሆናል። ፍጥነቱም በሰከንድ ከ1,600 ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ቢል የማሚቶው ብርታት 13 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ከእውነተኛው ሁኔታ ግን ብዙ አይርቁም። መስመሩን የሚያጎላው ክብደቱን ይሸከም የነበረው የዲያቶም አጽም ሟሙቶ ቀዳዳው መደርመሱ ነው። ማዕድኑ ምክንያት ነው፤ ሴይስሚክ የሚያየው ግን ውጤቱን፣ የጠፋውን ውኃና የጠነከረውን ደለል ነው። ይህን የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚመጡትን ስህተቶች ግማሹን አይሠራም።

መስመሩን የዛሬ ቴርሞሜትር ማድረግ

ሃይድሬት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሙቀቱ ወይም ግፊቱ ሲለወጥ ይፈርሳል ወይም እንደገና ይሠራል፤ መስመሩም ዛሬ ያለውን ሁኔታ እየተከተለ ይንቀሳቀሳል። ኦፓል-ሲቲ ግን ቢቀዘቅዝም ተመልሶ ኦፓል-ኤ አይሆንም። ደለሉ አንድ ጊዜ ሞቆ በኋላ ከላይ ያለው ቢሸረሸር ወይም አካባቢው ቢቀዘቅዝ መስመሩ በነበረበት ይቀራል። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ጠርዝ እንዲህ ቆሞ የቀረ፣ በኋላም ከደለሉ ጋር አብሮ የታጠፈ መስመር ታውቋል። ያንን መስመር ይዞ የዛሬውን የመሬት ሙቀት የሚያሰላ ሰው ትክክለኛ ሒሳብ ሠርቶ የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

ጊዜም አለ። የኦፓል ለውጥ በአንድ ቁርጥ ሙቀት የሚነሳ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ረጅም ጊዜ የቆየ ደለል ቶሎ የሞቀውን ሊያህል ይችላል። የሸክላ ማዕድን የበዛበት ደለል ለውጡን ያዘገየዋል፣ ካርቦኔት ያለበት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ‘45 ዲግሪ’ ብሎ አንድ ቁጥር ይዞ ከካሊፎርኒያ ወደ ጃፓን መውሰድ አይገባም። ከዚህ በኋላ ኦፓል-ሲቲ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት ወደ ኳርትዝ የሚለወጥበት ሁለተኛ ደረጃ አለ፤ እሱም የራሱን መስመር ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱን ደረጃዎች የሚቀላቅል ሰው በሙቀት ግምቱ በብዙ ዲግሪ ይሳሳታል።

ለቁፋሮም ቢሆን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጥልቅ ባሕር ቆፋሪዋን የግሎማር ቻሌንጀር መርከብ ሠራተኞች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቁፋሮ ጥርሳቸውን እየበላ ያስቸገራቸው ኳርትዝ የሆነው ድንጋይ፣ ቸርት፣ ነበር። ጥርሱን ቀይሮ በጥልቅ ባሕር ወደዚያው ጉድጓድ ተመልሶ የመግባት ዘዴ የተፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በ1970 በፈረንጆች ገና ዕለት በካሪቢያን ባሕር ተሳካላቸው።

ሰከንድን በአንድ ፍጥነት ሜትር ማድረግ

ምስሉ የተሣለው በሞገዱ የደርሶ መልስ ጊዜ ነው። መስመሩ ከወለሉ 0.4 ሰከንድ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ በሰከንድ 1,600 ሜትር ከተሰላ 320 ሜትር፣ በ2,000 ከተሰላ 400 ሜትር ይሆናል። ሙቀቱ በኪሎሜትር 100 ዲግሪ በሚጨምርበት ቦታ ይህ የ80 ሜትር ልዩነት 8 ዲግሪ ነው። በዲያቶም ደለል ውስጥ ደግሞ ሞገዱ ከተለመደው ደለል ይልቅ ቀርፋፋ ነው። ፍጥነቱን ከጉድጓድ ልኬት ወይም ከሞገዱ ትንተና ማምጣት እንጂ ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ መቅዳት ያሳስታል።

ማዕድኑ ሲለወጥ ሁልጊዜ መስመር ይወጣል ብሎ መጠበቅ

ስሜክታይት የሚባለው ሸክላ ከ60 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ኢላይት ይለወጣል፤ በንብርብሮቹ መካከል የያዘውንም ውኃ ይለቅቃል። ለውጡ በመቶዎች ወይም በሺዎች ሜትር ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ የጠራ መስመር አያወጣም። የሚፈለገው ሌላ ምልክት ነው፦ ፍጥነቱ ከጥልቀቱ ጋር መጨመር ሲገባው የሚያንስበት ቦታ፣ ውኃው መውጫ አጥቶ ግፊት የፈጠረበት ክፍል፣ በጉድጓዱ ውኃ ውስጥ ደግሞ የክሎራይድ (የጨው) መጠን ከባሕር ውኃ በታች መውረዱ።

በደቡብ ጃፓን፣ አንዱ የምድር ቅርፊት ሰሌዳ (ፕሌት) በሌላው ሥር በሚገባበት ጥልቅ የባሕር ስርጥ፣ በናንካይ ትሮፍ፣ የሆነው ከዚህም ያስገርማል። ወደዚያ በሚገባው የሺኮኩ ተፋሰስ ደለል ላይ ቀዳዳው ከጥልቀት ጋር መቀነስ ሲገባው በከፍተኛ መጠን ጸንቶ ይቆይና በድንገት ይወርዳል። ማብራሪያው ጥቂት ሲሊካ የደለሉን ቅንጣቶች በቀጭኑ አጣብቆ ከመጫን አድኗቸዋል የሚል ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ማጣበቂያው ይሟሟል፣ ደለሉም ይደረመሳል። እዚህ ማዕድኑ በመጠን ጥቂት ነው፣ በምስሉ ላይ ያለው ድርሻ ግን ትልቅ ነው። ከማዕድን ዝርዝሩ ላይ ‘ከ5 በመቶ በታች’ ብሎ የሚያልፈው ሰው ዋናውን ነገር ያልፋል።

የቀይ ባሕርን ጨው ከዳናክል ጨው ጋር አንድ ማድረግ

በቀይ ባሕር ምስሎች ላይ ‘ኤስ’ የተባለ እጅግ ጎላ ያለ አንጸባራቂ አለ። ግሎማር ቻሌንጀር በ1972 ሲቆፍረው የላይኛው ሚዮሲን ዘመን ጨውና አንሃይድራይት (ውኃውን ያጣ ጂፕሰም) ላይ ደረሰ። ከላይ ያለው ለስላሳ ደለል ሞገዱን በሰከንድ 2 ኪሎሜትር ገደማ ሲያሳልፍ ጨው 4.5 ኪሎሜትር ያሳልፋል፤ የጎላበት ምክንያት ይኸው ነው። ብርታቱን ብቻ አይቶ የመሠረት ዓለት ነው ማለት ስህተት ነው። ከሱ በታች ያለውን ደብዛዛ ምስል ባዶ ነው ማለትም እንዲሁ፤ ብዙ ጉልበት ከላይ ተመልሷልና።

በአገራችን ጽሑፎች ይህን ጨው ከዳናክል ጨው ጋር አንድ አድርጎ ማየት አለ። የቀይ ባሕሩ ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዛሬ በአፋር የሚቆረጠው ግን የባሕር ውኃ በፕሊስቶሲን ዘመን ወደ ዳናክል ገብቶ ከተነነ በኋላ የቀረ ወጣት ክምችት ነው። የአንዱን የቀብር ታሪክ፣ ጂፕሰሙ ውኃውን አጥቶ አንሃይድራይት የሆነበትን ጥልቀትና ጊዜ፣ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ተቃራኒ ፖላሪቲ ባየን ቁጥር ጋዝ ማለት

በመጀመሪያው ስህተት ላይ የሰጠሁት ምልክት በራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ተቃራኒ ፖላሪቲ ማለት ‘ከሥሩ ለስላሳ አለ’ ማለት ብቻ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 (እ.ኤ.አ.) በሱማትራ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ከ220 ሺህ በላይ ሰው ፈጀ። በዚያ ስብራት ደቡባዊ ክፍል ፊት ለፊት፣ ገና ወደ ስርጡ ባልገባው ደለል ውስጥ፣ ከመሠረቱ ዓለት 500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንዲህ ያለ ተቃራኒ መስመር ታይቶ ነበር። የፕሌቶቹ መንሸራተቻ ወደፊት የሚያልፍበት ደረጃ እንደሆነም ተገመተ። በ2005 በአቅራቢያው በደረሰው ሌላ መንቀጥቀጥ አካባቢ ይህ መስመር የለም።

በ2016 ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው መርከብ ከስርጡ ውጭ ደለሉን ወደ 1,500 ሜትር ቆፈረች። የተገኘው ከማዕድን የወጣ ጨው አልባ ውኃ ምልክት ነው። ከሂማላያ የመጣው ወፍራም ደለል ከታች ያለውን ስላሞቀው የሲሊካው ማዕድን ውኃውን ስርጡ ሳይደርስ በፊት ለቀቀ። ስርጡ ሲደርስ ደለሉ ጠንክሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ ስብራቱ እስከ ስርጡ አቅራቢያ ድረስ የዘለቀውና ሱናሚው የከፋው በዚህ ሊሆን ይችላል ብለው ጽፈዋል። የማዕድን ለውጥን ከምስል ማንበብ ለሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚቀርብ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ያንን መስመር ጋዝ ብሎ ዘግቶት የሚሄድ ሰው ጥያቄውን ሳያነሳ ይቀር ነበር።

ናሙናው ውስጥ ያለውን ኳርትዝ ሁሉ የለውጥ ውጤት ማድረግ

ይህ የላቦራቶሪ ስህተት ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ሁሉንም ያበላሻል። ወንዝና ነፋስ ከየብስ ያመጡት የኳርትዝ ብናኝ በኤክስሬይ ልኬት ላይ ከኦፓል ከተወለደው ኳርትዝ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይወጣል። ኦፓል-ኤ ሰፊ ጉብታ፣ ኦፓል-ሲቲ 4.1 አንግስትሮም (በአተሞች ንብርብር መካከል ያለ ርቀት መለኪያ) አካባቢ የራሱን ምልክት፣ ኳርትዝ 3.34 ላይ ሹል ጫፍ ያሳያል። የኳርትዙን ጫፍ አይቶ ‘ለውጡ ተጠናቋል’ ከማለት በፊት ከመስመሩ በላይ ያለው ናሙና ያንኑ ጫፍ እንዳለው ማየት፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ የዲያቶሙ ቅርፊት መኖሩን ወይም መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ናሙናውም ከመስመሩ በላይና በታች፣ ጥቂት ሜትር እየተራራቀ የተወሰደ መሆን አለበት። በየ50 ሜትሩ የተወሰደ ናሙና በጥቂት ሜትር ውስጥ የሚያልቅ ለውጥን ዘሎት ሊሄድ ይችላል።