ለሚወላገድ የሰርቮ መገጣጠሚያ
የትልቅ ሮቦት ክንድ ወይም እግር መገጣጠሚያው ላይ ከተወላገደባችሁ፣ ተሽቀዳድማችሁ ትልቅ ሰርቮ (መገጣጠሚያውን የሚያዞረው ሞተር) አትግዙ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሰርቮው ዘንግ በአንድ ጎን ብቻ መያዙ ነው፤ ክብደቱ ዘንጉን ወደ ጎን ሲጫነው የውስጥ ጥርሶቹ ይበላሉ።

የክንዱን መያዣ ሰርቮውን በሁለት ጎን እንዲያቅፍ አድርጉት። ከዚያ በሰርቮው ጀርባ፣ በዘንጉ ትክክለኛ አንጻር፣ ትንሽ ኩሽኔታ ግጠሙና 3 ሚሊሜትር ብሎን አሳልፉበት። አሁን ክብደቱን ሁለቱ ጎኖች ይካፈሉታል፤ ለሰርቮው የሚቀረው ማዞር ብቻ ነው።

ኩሽኔታውና ዘንጉ በአንድ መስመር ካልዋሉ ግን ሰርቮው ይታገላል፣ ይግላልም። ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ኃይል አጥፍታችሁ ክንዱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ አስተካክሉ። የብሎኑ ዳዶ ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ በንዝረት በቀላሉ አይላላም።

ሰርቮው ክብደቱን ማንሳት ራሱ ካቃተው ይህ ዘዴ አይፈታውም፤ ያኔ ክንዱን የሚያግዝ ሞላ ጨምሩ።