ኢንተርኔት አለ፣ ገጹ ግን አይከፍትም፦ የፕሮክሲ ችግርና መፍትሄ

በፕሮክሲ የሚወጣ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ በቀጥታ አይገባም። ፕሮክሲውን ይጠይቃል፣ ፕሮክሲው ወጥቶ ያመጣለታል። ስለዚህ መንገዱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእናንተ እስከ ፕሮክሲው፣ ሌላው ከፕሮክሲው እስከ ውጭ። የተቋረጠው የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ ሴቲንግ አትነካኩ።

ቢሮ ይሠራል፣ ቤት እምቢ ይላል

ደብረ ብርሃን ቢሮ ውስጥ ደህና ሲሠራ የዋለ ላፕቶፕ ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ጋ ስትወርዱ ምንም አልከፍትም ይላል። በዚያው ዋይፋይ ስልካችሁ ይሠራል። ሰው ራውተሩን እያጠፋ ያበራል፤ ምስኪኑ ራውተር ግን ምንም አላጠፋም። ላፕቶፑ አሁንም የቢሮውን ፕሮክሲ እየፈለገ ነው። አድራሻው በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ የውስጥ አድራሻ ስለሆነ ከቤት አይገኝም። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ፕሮክሲ ግቡና በእጅ የተሞላውን አጥፉት። ሰኞ መልሳችሁ አብሩት። ይህ ከሰለቻችሁ መቼ በፕሮክሲ እንደሚወጣ ለአሳሹ (ለብሮውዘሩ) የሚነግረውን፣ ፓክ የሚባለውን አውቶማቲክ ፋይል የአይቲ ባለሙያውን ጠይቁ። አሳሹ ፋይሉን ካጣው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ይወጣል።

ብሮውዘሩ ይከፍታል፣ ሌላው አይሠራም

ሁሉም ፕሮግራም የዊንዶውስን ሴቲንግ አይሰማም። ፋየርፎክስ የራሱ የፕሮክሲ ሴቲንግ አለው፣ ቴሌግራምም እንደዚሁ። ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር የሚያወርደው አፕት ደግሞ በራሱ ፋይል ካልተነገረው ላያውቀው ይችላል። ለእያንዳንዱ ለብቻው ንገሩት። የይለፍ ቃላችሁን ከአድራሻው ጋር አንድ መስመር ላይ ስትጽፉ በውስጡ @ ካለ በ%40 ተኩት፤ አለበለዚያ አድራሻው እዚያ ጋ ይቆረጣል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፒንግ፣ ማለትም አንድ ማሽን ይመልስ እንደሆነ የሚፈትሸው ትእዛዝ፣ በተለመደው የኤችቲቲፒ ፕሮክሲ አያልፍም። ጉግልን ፒንግ አድርጋችሁ መልስ ስላጣችሁ "ኢንተርኔት የለም" አትበሉ። ይልቅ ፕሮክሲውን ራሱን ፒንግ አድርጉት።

407

ይህ የስህተት ቁጥር ሲመጣ ፕሮክሲው ማን ነህ እያላችሁ ነው። የይለፍ ቃል በቅርቡ ከቀየራችሁ ኮምፒውተሩ የድሮውን እየላከ ነው፤ የተቀመጠውን አጥፍታችሁ አዲሱን አስገቡ።

"ሪፊውዝድ"፣ "ታይምድ አውት"፣ 502 እና 504

ሪፊውዝድ ሲል ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት (የማሽኑ የበር ቁጥር) ላይ የሚሰማ ግን የለም። ስኩዊድ የሚባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ካልተቀየረ 3128 ላይ ነው፣ ሰው ግን በልማድ 8080 ይሞላል። ሶክስ የሚባለው ሌላ ዓይነት ፕሮክሲ አብዛኛውን ጊዜ 1080 ነው። ፖርቱ ልክ ከሆነ መብራት ሄዶ መጥቶ እንደሆነ ጠይቁ። ሰርቨሩ ተነስቶ የፕሮክሲው አገልግሎት አብሮ እንዲነሳ ሳይታዘዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ታይምድ አውት ከሆነ፣ ማለትም መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ፣ አድራሻው ተሳስቷል፣ ኬብል ወጥቷል ወይም ፋየርዎል ዘግቶታል። ፕሮክሲው ራሱ 502 ወይም 504 ካሳያችሁ ግን የእናንተ መንገድ ደህና ነው፤ የተቋረጠው ከፕሮክሲው ወዲያ ነው። ከኮምፒውተራችሁ የምትጠግኑት ነገር የለም፣ ወደ አይቲ ደውሉ።

ሰርተፊኬት ልክ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ

ሰርተፊኬት ገጹ እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ነው። ማስጠንቀቂያው በየገጹ ከመጣ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ውስጡ ያለው ትንሽ ባትሪ የሞተበት ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ ይመልሳል። ቀኑ ልክ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ፕሮክሲው የተመሰጠረውን ትራፊክ እየከፈተ የሚያይ ሊሆን ይችላል። ያኔ የመሥሪያ ቤቱን ሰርተፊኬት ከአይቲ ተቀብላችሁ ጫኑ፤ "ይሁን ቀጥል" እያላችሁ አትለፉ፣ በተለይ የባንክ ገጽ ላይ።