የጦርነት ዘመን ማሰልጠኛ አውሮፕላንን ታሪክ ከአዳማ ሆኖ ለማጣራት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለ ማሰልጠኛ አውሮፕላን የት እንደበረረና የት እንደተከሰከሰ ለማወቅ ከአብራሪው ስም አይጀመርም፤ መጀመሪያ መለያ ቁጥሩን መያዝ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ አየር ኃይል መለያ በፊደልና በአሃዝ በድምሩ 5 ሆሄ ሆኖ ከጅራቱ ፊት ገላው ላይ ይጻፋል። በትልቁ የሚታዩት ፊደላት የክፍሉ ምልክት ስለሆኑ አውሮፕላኑ ክፍል ሲቀይር ይቀየራሉ። በቁጥሮቹ መሐል ክፍተት ካገኙ አውሮፕላን ጠፋ ብለው አይደምድሙ፤ ጠላት ብዛቱን እንዳይገምት ሆን ተብሎ የተዘለለ ነው።

ሃርቫርድ የተባለው ማሰልጠኛ አውሮፕላን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሜሪካ ተሠርቶ ለእንግሊዝ የተሰጠው የፋብሪካ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ደግሞ በ7 የሚጀምር ባለ 4 አሃዝ ይጨመርበታል። የአሜሪካ ቁጥር በ42 ከጀመረ ጅራቱ ላይ 4ቷ ተትታ በ2 ይጀምራል። ሁሉንም በአንድ መስመር ይመዝግቡ፤ አለዚያ አንዱ አውሮፕላን ሦስት ሆኖ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ሁለት ካርዶች ይነጻጸራሉ፦ ዝውውሩን የያዘው ፎርም 78 እና አደጋውን የያዘው ፎርም 1180። የለንደኑን የአየር ኃይሉን ሙዚየም በመለያ ቁጥሩ ይጠይቁ። የማሰልጠኛ ክፍሎች የዕለት መዝገብ ለንደን ኪው በሚባለው ሰፈር ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት "ኤር 29" በሚባለው ተከታታይ ውስጥ ነው። ካርድ ላይ "ኤፍ.ኤ." (FA) የበረራ አደጋ፣ "ኤፍ.ቢ." (FB) የውጊያ ጉዳት ማለት ነው። የጉዳት ደረጃውን በላቲን ፊደሉ እንዳለ ይገልብጡ። በአማርኛ "ኤ" እና "ኢ" ብለው ከጻፉት፣ በቦታው ሊጠገን የሚችለው (A) ከአገልግሎት ከወጣው (E) ጋር ይምታታል።

አንድ አደጋ የአውሮፕላኑ መጨረሻ ነው ብሎ ማሰብ ትልቁ ስህተት ነው። ሃርቫርድ የጅራት ጎማ ያለው አውሮፕላን ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከዋና ጎማዎቹ ኋላ ስለሚውል ካረፈ በኋላ አፍንጫው ትንሽ ዘወር ካለ ዙሩ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። አዳማ ዳገት ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖቹን እንደሚያዞረው ያለ ንፋስ ከጎን ቢመታው፣ የጀማሪ እግር ፔዳሉን ቶሎ ካልረገጠ የክንፉ ጫፍ መሬት ይነካል፣ የማረፊያ እግሩም ይታጠፋል። ብዙ ጊዜ ሰው አይሞትም፤ አውሮፕላኑም ተጠግኖ ይመለሳል። ስለዚህ ከአደጋው ቀን በኋላ ያለውን የዝውውር መስመር ሳያነቡ አይዝጉት።

ምክንያቱ "የአብራሪ ስህተት" ተብሎ ቢጻፍም እዚያ አይቁሙ። ሌሊት ነበር ወይ? አሰልጣኝ አብሮት ነበር ወይ? ስንት ሰዓት በርሮ ያውቃል? ገና ከጉርምስና ያልወጣ ተማሪ ጥፋቱን ብቻውን እንዲሸከም መተው ፍትሐዊ አይደለም።

ቀኑን መጀመሪያ እንደተጻፈ ይገልብጡ፣ በኛ አቆጣጠር የሚሆነውን በሌላ ዓምድ ያስፍሩ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይውልም፤ የ1936 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1943 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ 14:30 ለኛ 8 ሰዓት ተኩል ቢሆንም፣ እንግሊዝ በጦርነቱ ዘመን በሞቃት ወራቷ ሰዓቷን እስከ 2 ሰዓት ወደፊት ትገፋ ስለነበር ፀሐይ የት እንደነበረች ከመደምደምዎ በፊት ያንን ይቀንሱ።

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለችውን የቢሾፍቱን ሳፊር፣ የስዊድን ሥሪት ማሰልጠኛ አውሮፕላን፣ ከጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች ዝርዝር ያውጡ። ሳዓብ 91 ሳፊር መጀመሪያ የበረረው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በኖቬምበር 1945 ነው፤ መዝገቡም የሚፈለገው በስዊድንና በኢትዮጵያ አየር ኃይል በኩል ነው።