ከባህል ዜማ ስትቀዱ ተጠንቀቁ፦ ስቱዲዮ ውስጥ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሥራዬ ማቀናበር ነው። ወጣት ዘፋኞች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስልኩ ውስጥ ከአያት፣ ከሠርግ ቤት ወይም ከዩቲዩብ የተቀዳ ዜማ አለ። «ይቺን ዘመናዊ እናድርጋት» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚሁ ነው። ግን ያው ስህተት በሌላ ልጅ አፍ ተመልሶ ሲመጣ ትዕግሥቴ አለቀ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቅኝቱን ሳይሰሙ ኮርድ መደርደር

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ ቻሉኝ።

ከአራቱ ቅኝቶች (ዜማው ከሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች) አንዱን፣ አንቺ ሆዬን እንውሰድ። ከዶ ብንነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ናቸው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። በቃ አምስት። አሁን ኪቦርዲስቱ ይመጣና ዶ ማይነር ይመታበታል። ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል ማለት ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ቅኝቱ ውስጥ የሉም! ዘፋኟ ሶል ፍላት ላይ ድምፅዋን ስታርገበግብ ኪቦርዱ አጠገቧ ሶል ይዞ ቆሟል። የሰው ጆሮ ደግሞ ይሸነፋል። በሁለተኛው ቅጂ ሶል ፍላቷ ትንሽ ከፍ ይላል። በሦስተኛው የበለጠ። በአምስተኛው አንቺ ሆዬ ሄዷል፤ የቀረው ስም የሌለው ነገር ነው። ከዚያ ደግሞ «ዛሬ ድምፅዋ ልክ አይደለም» ይባላል። እሷ ምን አጠፋች?

ትንሽ የተማረው ደግሞ «ፋ ሜጀር ይሄዳል» ይላል። ልክ ነው፣ ፋም ላም ዶም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። ግን ፋ ሜጀርን ደጋግማችሁ ምቱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ዜማው ቤት ቀይሯል። ጆሯችሁ ፋን ቤት አድርጎ ይይዝና ዶ ላይ ሲደርስ ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስለዋል። አያት «አለቀ» ብለው ያረፉበት ቦታ ላይ አድማጭ ቀጣዩን ይጠብቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ጊዜ ዝም ማለት። ቤዙ ዶ ላይ ይቁም። ክራሩ ዜማውን ከሥር ይከተል። ማሲንቆው ከዘፋኟ እኩል ይነሳና ትንሽ ዘግይቶ ይድረስ። ዋሽንቱ ያንኑ ዜማ እያስጌጠ ይለፍ። ሁሉም አንድ ዜማ ይጫወታሉ፤ አንዱ ግን እንደ ሌላው አይጫወትም። ውፍረቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ፓድ፣ ከሥር የሚዘረጋው የኪቦርድ ድምፅ፣ አያስፈልግም።

ኮርድ ሐራም ነው አላልኩም። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ ተምሮ የመጣውን የጃዝ ስምምነት ከአምስት ድምፅ ቅኝቶች ጋር ሲያጋባ ኮርዱን የመረጠው ለቅኝቱ ብሎ ነው። የኛ ልጆች የተገላቢጦሽ ነው የሚያደርጉት። መጀመሪያ አራት ኮርድ ይደረድራሉ፤ ከዚያ የአያትን ዜማ ጎትተው ያስገቡበታል።

ኮምፒውተሩን ቅኝት መጠየቅ

«አፑ ትዝታ ማይነር ነው አለኝ» ያለኝ ልጅ ነበር። አፑ አልዋሸም። ትዝታ ማይነር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከሶል ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፦ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት። ይሄ አምባሰል ነው! ልዩነቱ ዜማው የት እንደሚያርፍና ወደዚያ እንዴት እንደሚወርድ ነው። ልጁ አምባሰሉን በትዝታ አሳርፎት ነበር፤ ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ደረጃ የጎደለው ሰው ይመስላል። አፑ ድምፅ ይቆጥራል፤ ማረፊያ አያውቅም። እናንተ ዘፍናችሁ ፈልጉት።

ማሲንቆን «ማረም»

አንድ ጋሼ አሉ፤ ማሲንቆ ሲያስፈልገኝ የምጠራቸው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ጭራውን ያጠብቃሉ፣ በደጋኑ ሳብ ያደርጋሉ፣ ይሰማሉ፣ እንደገና ትንሽ ያላላሉ። ሰዓት እየሄደ ነው። እኔ ብልጡ፣ ስልኬ ላይ ያለውን መቃኛ አወጣሁና አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ እዚህ አረንጓዴ ሲሆን ልክ ነው ማለት ነው።» ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ዘፋኟን ሰምቷታል?» አሉኝ።

አልሰማትም። እሷ ገና አልመጣችም ነበር። ለካ እሳቸው የሚጠብቁት እሷን ነው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ማሲንቆውን ኦቶቲዩን፣ ድምፅን ወደ ቅርቡ ኖታ የሚጎትተው ፕሮግራም፣ ውስጥ አስገባው። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ነው። እንደ ጊታር መከፋፈያ የለውም፤ ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ነው የሚደርሰው። ለቅሶውም ሳቁም ያለው መንሸራተቻው ላይ ነው። ኦቶቲዩኑ መንሸራተቻውን ሁሉ ደረጃ ሠራለት። ውጤቱ የሠርግ መኪና ጥሩምባ መሰለ። ልጁ «አሁን ጸዳ» አለኝ። እንደሱ ያለ ጽዳት ይቅርብኝ።

የበገናን እዝታ፣ ያንን የሚነዝር ድምፁን፣ እንደ ቴክኒክ ችግር ቆጥሮ ሊያጠራ ሲሞክር ያገኘሁት የድምፅ ባለሙያም አለ። እዝታው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በአሥሩ አውታሮችና በመቀመጫው መካከል የሚገቡ ትናንሽ ቆዳዎች፣ እንዝራ የሚባሉት፣ ናቸው የሚያመጡት። እሱን ካወጣችሁለት የቀረው በገና አይደለም።

ከበሮውን ክሊክ ላይ ማሰር

የችክችካን ምት ኮምፒውተሩ በክሊክ (በሰዓት ምት) በከፋፈለው ግሪድ ላይ እኩል እኩል ካሰለፋችሁት ትከሻ አይነቃነቅም። ይኸው ነው። ትከሻችሁ ካልተነቃነቀ ፋይሉን መልሱት።

መድረኩን ገጠር ማድረግ

«ንጹሑን ባህላዊ ድምፅ ነው የምፈልገው» ይላሉ። ንጹሑ ምንድን ነው ስላቸው ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ፣ ባህል ምሽት ቤት እንደሰሙት ዓይነት። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው።

አዝማሪ ብዙውን ጊዜ በአንድ ማሲንቆ ብቻውን ወይም ከአንዲት ዘፋኝ ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ዋሽንት የእረኛ ነው። እነዚህን ሰብስቦ በአንድ መድረክ ማስቀመጥ የቲያትር ቤቶች ዘመን ሥራ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አስቡት። መሥራቹ ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ ነው፤ በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ከተለያየ አካባቢ የመጡ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ተጫዋቾች አንድ ላይ ተቀመጡ። ዛሬ «ከጥንት የመጣ» የምንለው ድምፅ ከብዙዎቻችን አባቶች ዕድሜ አይበልጥም። የክራሩ አውታር ራሱ ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም ሽቦ ነው። ማንም አላለቀሰም።

ይሄ ስህተት የኛ ብቻም አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ሊስት የሃንጋሪን የከተማ ሙዚቀኞች ዜማ ሰምቶ ጥንታዊው የሕዝብ ሙዚቃ ይሄ ነው ብሎ ነበር። የሃንጋሪ የሙዚቃ ደራሲዎቹ ባርቶክና ኮዳይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰም ሲሊንደር መቅጃ ይዘው መንደር ለመንደር ሲዞሩ ሌላ ዜማ አገኙ። የባርቶክ ሙዚቃም ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ።

ግን ተጠንቀቁ፣ ከዚህ ሌላ ስህተት ይወለዳል። «እንግዲያው ምንም አይነካ» የሚለው። ጌታቸው መኩሪያን ስሙ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ተጫወተ። ሳክስፎን ከየትኛው መንደር መጣ? ከየትም። ግን የፎካሪውን ትንፋሽ፣ ድንገት መቆሙን፣ ቁጣውን ሁሉ ይዞ ነው የገባው። ባዕድ ዕቃ ይዞ ወግ ያላፈረሰ ሰው እሱ ነው። እኛ ደግሞ እውነተኛ ማሲንቆ ይዘን ጥሩምባ እናደርገዋለን።

ዘፈኑ ለምን እንደሚዘፈን አለመጠየቅ

ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ የድሮ ካሴት ዜማ አገኘሁ። ቃሉ በደንብ አይሰማም፤ ዜማው ግን ልብ ይበላል። ወሰድኩት። ፈጠን አደረግኩት፣ ከበሮ ጨመርኩ፣ እልልታ አስገባሁ። ጥሩ የሠርግ ዘፈን ወጣው። በኩራት አክስቴ ቤት ሄጄ አሰማኋት። ስንዴ እየለቀመች ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከካሴት ነው አክስቴ። ምነው፣ አልወደድሽውም?»

«የሙሾ ነው እኮ። አስከሬን ፊት የሚባል። እልልታ አስገባህበት?»

አልጮኸችብኝም። ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ ብላ አለችው። ማን እንደሞተባት ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ዘፈኑን አላወጣሁትም። ፋይሉ አሁንም አለ፤ ከፍቼው አላውቅም።

የሙሾ ዜማ ወደ ዘፈን አይገባም ማለቴ አይደለም። ዜማ ከለቅሶ ቤት ወደ ሠርግ፣ ከእርሻ ወደ መድረክ ሊሄድ ይችላል። ግን እያወቁ መውሰድ ሌላ፣ ሳያውቁ መርገጥ ሌላ። በማታውቁት ቋንቋ የምትዘፍኑ ከሆነማ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሳይሰማው ስቱዲዮ አትግቡ።

ቃሉን በዜማ መግደል

የአማርኛ ቅኔ በማጥበቅና በማላላት ይሞታል፣ ይድናል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ስንኙ ሰሙንና ወርቁን እዚያች ላይ ካሰረ፣ አቀናባሪው ደግሞ ለምቱ ብሎ ፊደሉን ከጎተተው፣ ወርቁ ፈሰሰ። አዝማሪ ቤት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ያችን ቃል እንዴት ረገጥ፣ እንዴት ለቀቅ እንደሚያደርጋት ተመልከቱ። ቤቱ የሚስቀው እዚያች ላይ ነው።

ሁሉንም አገር አምስት ድምፅ ማድረግ

ከአራቱ ቅኝቶች ውጭ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሌለ የሚመስላቸው አሉ። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ስሙ፤ ብዙ ድምፅ እየተደራረበ፣ እየተቀባበለ ነው የሚሄደው። የደራሼን ፊላ፣ በቡድን የሚነፋውን መሣሪያ፣ ስሙ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ነው፣ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ተሰብስቦ ነው። ይሄን ወስዶ ኪቦርድ ላይ በአንድ ጣት መጫወት ምን ይሉታል?

«የሕዝብ» ብሎ ማለፍ

ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ሕዝብ የተባለው ሰው ስልክ አለው። ስሙን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልጠየቃችሁት እናንተ ናችሁ። የባሰበት ደግሞ የሕዝቡን ወስዶ በራሱ ስም ይጽፋል።

ሌላም አለ። ዜማው ያረጀ ስለሆነ ቅጂውም የማንም ነው ማለት አይደለም። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አዘጋጅ ለየብቻ መብት ይሰጣል። ከአሮጌ ካሴት ድምፅ ቆርጣችሁ ስታስገቡ ይሄን አስታውሱ። ሰውዬውን ፈልጉ፣ አስፈቅዱ፣ ክፈሉ፣ ስሙን ጻፉ።

እኛ ብቻ የምንቀዳ መምሰል

ጋሼ ባለፈው መጡ። ዘፋኟ ዘግይታለች። ጭራቸውን እያሟሹ የሆነች ነገር ተጫወቱ፤ ወደ ላይ ትወጣና በሦስት ድምፅ ዞራ ትወርዳለች። ጆሮዬ ቆመ። አወቅኳት። ከዓመታት በፊት አንድ ዘፋኝ ከፍ ያለው ድምፅ ላይ መድረስ ሲያቅተው ክፍተቱን ለመሙላት ኪቦርድ ላይ የፈጠርኳት ናት። ማታ ላይ፣ ደክሞኝ፣ ዝም ብዬ።

«ጋሼ፣ ይቺን ከየት አገኟት?»

«ይቺማ የድሮ ናት» አሉ ደጋኑን ሳያቆሙ። «አባቶቻችን ይጫወቷት ነበር።»

እሳቸው ላይ መውረጃዋ ይንሸራተታል፤ እኔ ደረጃ ነበር የሠራሁላት። ማይኩን ወደ ማሲንቆው ጠጋ አደረግኩና መቅጃውን ተጫንኩት።