የመድን ወኪልና ብሮከር ቢሮ ወደ ሲስተም ሲገባ የሚፈጸሙ ስህተቶች

የደንበኛ መዝገብ፣ ፖሊሲ (የመድን ውሉ)፣ ክፍያ፣ እድሳት፣ ካሳና ኮሚሽን በአንድ ሶፍትዌር ሲያያዙ ሥራ ይቀላል። አንድ ጊዜ የተጻፈ ስም ከፕሮፖዛል ፎርሙ እስከ ካሳ ፋይሉ ድረስ ሳይደገም ይሄዳል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በኤክሴል ሲሠራ የተሳሳተ ሻንሲ ቁጥር እዚያው ሺት ላይ ተቀምጦ ይቀር ነበር። በተያያዘ ሲስተም ግን በዚያው ቀን ፖሊሲው ላይ፣ ዴቢት ኖቱ (የክፍያ መጠየቂያው) ላይና ለባንክ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከታች የምናነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሶፍትዌሩ ሳይሆኑ ወደ ሶፍትዌሩ የሚገባው ነገር ናቸው።

ግማሹን ብቻ ማያያዝ

የደንበኛ ዝርዝሩ አዲሱ ሲስተም ላይ፣ ሒሳቡ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ፣ የእድሳት ቀኑ ደግሞ አንዲት ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ያለ ኤክሴል ውስጥ ከሆነ ቢሮው አልተያያዘም፤ አንድ ተጨማሪ መጻፊያ ቦታ ብቻ ነው የተገዛው። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ደንበኛው በዓመቱ አጋማሽ መኪናውን ሸጦ ሌላ ገዛ እንበል። ለውጡን ስንት ቦታ ይጽፉታል? ከአንድ በላይ ከሆነ አንዱ ቦታ መረሳቱ አይቀርም።

ሻጭ ሲስተሙን ሲያሳይ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው አዲስ ፖሊሲ ሲቆረጥ ነው። ያ ማንም ሶፍትዌር የሚሠራው ነገር ነው። እርስዎ የሚከተሉትን ያሠሩት፦ በመካከል የሚደረግ የተሽከርካሪ ለውጥ፣ በሁለት ጊዜ የሚከፈል ዓረቦን (የመድን ክፍያ)፣ ተመላሽ ያለው ስረዛ፣ በባንክ የተያዘ መኪና ካሳ። ብሮከር ከሆኑ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። የየኩባንያው ሲስተም ከእርስዎ ጋር በቀጥታ ካልተገናኘ፣ ኩባንያዎቹ በየወሩ የሚልኩትን የኤክሴል መግለጫ ተቀብሎ ከእርስዎ መዝገብ ጋር በፖሊሲ ቁጥር ያስታርቃል ወይ? አያስታርቅም ከተባለ በወሩ መጨረሻ ያንን በእጅ የሚሠራ ሰው መቅጠርዎን ይወቁት።

የኢትዮጵያን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ማስገባት

ከሁሉም ስህተት ብዙ ፖሊሲ የሚያጠፋው ይህ ነው። ከውጭ የመጣ ሲስተምም ሆነ ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ሠራተኛው ግን ሰነዱም ደንበኛውም የሚነግሩት በእኛ ቀን ስለሆነ እንዳገኘው ይመታዋል።

ጥቅምት 30 ቀን 2018 የሚያበቃ ፖሊሲ 30/02/2018 ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በቀን ሲጣራ ከእድሳት ዝርዝሩ ይወጣል። የከፋው ግን ትክክል የሚመስለው ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2018 እንደ 12/02/2018 ሲመታ ምንም ሳይጮህ ይገባል። ቀንን አስቀድሞ የሚያነብ ኮምፒውተር ፌብሩዋሪ 12፣ ወርን አስቀድሞ የሚያነበው ደግሞ ዲሴምበር 2 ያደርገዋል። ሁለቱም በፈረንጅ 2018 ናቸው። ትክክለኛው ቀን ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ነው። ሲስተሙ ፖሊሲውን ከዓመታት በፊት ያለቀ ብሎ ይዘጋዋል፤ ማስታወሻም አይልክም። ጳጉሜማ አይነሳ፤ ጳጉሜ 5 ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ሜይ 13 ይሆናል።

መፍትሔው ቀኑ ውስጥ ለውስጥ በአንድ አቆጣጠር እንዲቀመጥና በስክሪንና በሰነድ ላይ ሁለቱም እንዲታዩ ማድረግ ነው። ቀን በእጅ አይመታ፤ የወሩ ስም በአማርኛ ተጽፎ ከሚታይ ሰሌዳ ይመረጥ። መቀየሪያውን ከመቀበልዎ በፊት በሦስት ቀን ይፈትኑት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 መስጠት አለበት። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚያደርግ ፕሮግራም በዘመነ ሉቃስ ማግስት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ፣ እያንዳንዱን ቀን በአንድ ያዛባል። የሽፋን መጨረሻ በአንድ ቀን ሲዛባ በዚያች ቀን የደረሰ አደጋ ክርክር ይሆናል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ደንበኛው «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተጋጨሁ» ሲል 02:00 ተብሎ ከተመዘገበ ካሳ ክፍሉ የሚያየው በሌሊት የደረሰ አደጋ ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱም አይገጥምም። መጠየቂያው «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት» አስመርጦ ራሱ ይቀይር።

ስምን በፈረንጅ ሳጥን ውስጥ ማስገባት

ስምና የቤተሰብ ስም የሚል ሁለት ሳጥን ብቻ ያለው ሲስተም የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል። ከዚያ ዳዊት ተስፋዬን ከማያውቃት ሄለን ተስፋዬ ጋር ቤተሰብ ያደርገዋል፤ ባልና ሚስትን ደግሞ ይለያያል። ሦስት ሳጥን ያስፈልጋል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የትዳርና የድርጅት ግንኙነት በሌላ ቦታ ይያያዝ።

ፍለጋውንም ይፈትኑ። ደንበኛዋን «ፀሐይ» ብለው መዝግበው «ጸሀይ» ብለው ይፈልጓት። ካልመጣች ሠራተኛው «የለችም» ብሎ ሁለተኛ ፋይል ይከፍታል፤ ካሳዋ በአንዱ፣ ክፍያዋ በሌላው ይቀመጣል። ሲስተሙ ሲፈልግ ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰ እና ሠን፤ አ እና ዐን፤ ጸ እና ፀን ከነዘራቸው አንድ አድርጎ ማየት አለበት። ሰውን ለመለየት የፋይዳ ቁጥር፣ ድርጅትን ለመለየት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይሻላል። ስልክ ቁጥር አይሆንም፤ ለአምስት ታክሲ አንድ ስልክ የሚሰጥ ባለንብረት ሞልቷል።

መኪናን በሰሌዳ መለየት

ሰሌዳ ይለወጣል። ከኮድ 2 ወደ ኮድ 3 የዞረ መኪና በሰሌዳ ከተመዘገበ እንደ አዲስ ንብረት ይቆጠርና ያለ ካሳ የቆየባቸው ዓመታት ቅናሽ ይጠፋል፤ ወይም የካሳ ታሪኩ ይደበቃል። መለያው ሻንሲ ቁጥር መሆን አለበት፤ ሞተር ቁጥር ለማመሳከሪያ ይግባ።

እዚህ ላይ ሶፍትዌር አቅራቢዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ሻንሲ ቁጥር የግድ 17 ቁምፊ ይሁን ብለው ይቆልፉታል። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራ ቪትስ ግን 17 ቁምፊ የለውም፤ አጭር የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝና 7 አሃዝ ነው ያለው። ሠራተኛው ሳጥኑ እምቢ ሲለው ባዶውን በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲያ ሊብሬው ላይ ያለውና ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር አይገጥምም። ስለዚህ «17 ቁምፊ» እና «ሌላ» የሚል ምርጫ ያስጨምሩ። 17 ቁምፊ ባለው ላይ ደግሞ የእንግሊዝኛው ኦ፣ አይ እና ኪው ፊደላት ፈጽሞ ስለማይገቡ ሲስተሙ እነዚህን ይከልክል። ዜሮንና ኦን የማምታታት ስህተት በዚህ ብቻ ይቀራል።

በአሮጌ ዋጋ ማደስ

«አድስ» የሚለው ቁልፍ ያለፈውን ዓመት እንዳለ ይገለብጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ለማንም አይነገርም። አምና 1,500,000 ብር የተገባ መኪና ዛሬ 2,400,000 ብር የሚያወጣ ከሆነና ፖሊሲው የአቬሬጅ አንቀጽ (ከዋጋው በታች የተገባ ንብረት ካሳ በዚያው ልክ የሚቀንስበት) ካለው፣ የ400,000 ብር ጉዳት ሲደርስ ኩባንያው የሚሸፍነው 1,500,000 ለ2,400,000 ተካፍሎ በ400,000 ተባዝቶ ነው፤ 250,000 ብር። ከዚያ ላይ ደግሞ ደንበኛው የሚሸከመው ቅድሚያ ተቀናሽ አለ። ደንበኛው 150,000ውን የሚጠይቀው ኩባንያውን ሳይሆን እርስዎን ነው።

ስለዚህ ሲስተሙ የመድን ገቡን መጠን (ንብረቱ የተገባበትን ዋጋ) ባዶ አድርጎ እንዲያመጣና ካልተሞላ እንዳያሳድስ ያስተካክሉት። የእድሳት ዝርዝሩ 45 ቀን ሲቀር ይውጣ፤ ዋጋ ለማስገመትና ከባንክ ጋር ለመጻጻፍ ጊዜ ይጠይቃልና። 30 ቀን ሲቀር ደብዳቤ፣ 15 ቀን ሲቀር ስልክ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት የቢሮው ኃላፊ ስክሪን ላይ በቀይ። መኪናው ወይም ሕንጻው በብድር የተያዘ ከሆነ የባንኩና የቅርንጫፉ ስም በራሱ ሳጥን ይቀመጥ፤ ማስታወሻ ውስጥ የተጻፈ የባንክ ስም በዝርዝር አይወጣም። ብድሩ ሲያልቅ ደግሞ በኢንዶርስመንት (በፖሊሲው ላይ በሚጨመር የለውጥ ሰነድ) ይነሣ፤ አለበለዚያ የካሳ ቼኩ ዕዳ ለሌለበት ባንክ ይጻፋል።

በአማርኛ ለሚላክ አጭር መልእክት አንድ ነገር ይወቁ። በግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ቁምፊ እንጂ 160 አይደለም፤ ሲበልጥ በ67 እየተቆረጠ እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይቆጠራል። «ውድ ደንበኛ፣ የመኪናዎ መድን ጥር 12 ያበቃል። ለማደስ እስከ ጥር 9 ይደውሉልን።» 52 ቁምፊ ነው፤ የቢሮዎ ስምም ይገባበታል። ረጅም ሰላምታ ያለው መልእክት ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል።

ክፍያን በብር መጠን ማዛመድ

ሁለት ደንበኞች በአንድ ቀን እኩል 18,400 ብር ሊያስገቡ ይችላሉ። የላኪው ስም የሾፌሩ ወይም የወንድሙ ሊሆን ይችላል። ክፍያ መያያዝ ያለበት በዴቢት ኖት ቁጥርና በባንኩ የግብይት ቁጥር ነው፤ የንግድ ባንኩ በኤፍቲ የሚጀምረው፣ የቴሌብሩም የራሱ። አንድ የግብይት ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲገባ ሲስተሙ ይከልክል። ያው የስክሪን ፎቶ ለሁለት ፖሊሲ ሲቀርብ የሚያዘው በዚህ ብቻ ነው።

ዓረቦኑን በሙሉ እንደ ገቢ መመዝገብ ሌላው ነው። ዓረቦን የኩባንያው ገንዘብ ነው፤ የእርስዎ ገቢ ኮሚሽኑ ብቻ ነው። የዓረቦን ሒሳብ ለብቻው ካልተከፈተ የዓመቱ ሽያጭ አብጦ ይታይና ከግብር ጋር ያጣላል። ኮሚሽኑም ከቴምብርና ከሌላ ክፍያ በተጣራው ዓረቦን ላይ ይሰላ። ስረዛ ሲኖር ይመለሳል፤ ለምሳሌ በ10 በመቶ ስሌት ከ40,000 ብር ዓረቦን 4,000 ኮሚሽን ተይዞ 15,000 ብር ለደንበኛው ከተመለሰ 1,500 ብር ይቀነሳል። ሲስተሙ ይህን ራሱ ካልቀነሰ በሚቀጥለው ወር ኩባንያው ይቀንሰዋል፤ የእርስዎ መዝገብ ግን አያውቅም።

ሁሉንም መረጃ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ማዛወር

አሥር ዓመት የተከማቸ ኤክሴል አይዛወርም። በሥራ ላይ ያሉ ፖሊሲዎች፣ የተከፈቱ ካሳዎችና የሦስት ዓመት የካሳ ታሪክ ይበቃል፤ የቀረው በማኅደር ይቀመጥ። ከመዛወሩ በፊትና በኋላ ሦስት ድምር በየመድን ዓይነቱ ይነጻጸር፦ የፖሊሲ ብዛት፣ ጠቅላላ የመድን ገቡ መጠን፣ ጠቅላላ ዓረቦን። በአንዱ እንኳ 1 ብር ልዩነት ካለ ያልገባ፣ ሁለት ጊዜ የገባ ወይም ቁጥሩ የተዛባ ፋይል አለ ማለት ነው። ከዚያ 50 ፋይል በዘፈቀደ ከመደርደሪያ አውጥቶ ሊብሬውን ከስክሪኑ ጋር ማመሳከር ነው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን የሚሄዱት የወር መዝጊያን እስኪያልፉ ድረስ ነው፤ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ኮሚሽን ሲታረቅ ነውና።

ሰነድ ሲያያዝ ከፖሊሲው ጋር እንጂ ከደንበኛው ጋር ብቻ አይሁን። አራት መኪና ያለው ሰው ፋይል ውስጥ አራት «ሊብሬ» የሚል ፎቶ ካለ ካሳ በመጣ ቀን ሁሉንም መክፈት ይጠይቃል።

አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም

የመድን ገቡን መጠን ማን ለወጠው? አደጋው ከመድረሱ በፊት ወይስ በኋላ? ሁሉም «አድሚን» ብለው የሚገቡ ከሆነ መልስ የለም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው፤ ፖሊሲ የቆረጠው ሰው ክፍያውን አያጽድቅ። የጤናና የሕይወት መድን ያላቸው ሰዎች የሕክምና ወረቀት ለሚመለከተው ብቻ ይታይ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ከቨር ኖት (ጊዜያዊ የመድን ማረጋገጫ) የሚቆረጥበት መንገድ አስቀድሞ ይወሰን፤ ቁጥር የታተመበት የወረቀት ጥራዝ ይቀመጥና ኔትወርኩ ሲመለስ በዚያው ቀን በተራ ቁጥሩ ይግባ። መጠባበቂያ ቅጂ በየማታው ይወሰድ፤ አንዱ ከቢሮው ውጭ ይሁን። በየሦስት ወሩ ደግሞ ያንን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አንድ የካሳ ፋይል ከነፎቶዎቹ መነበቡን ይዩ፤ ዳታቤዙ ተቀድቶ የተያያዙት ሰነዶች የቀሩበት ቅጂ በብዛት ያጋጥማል።